ለጤና ተቋማችሁ የቱ ያዋጣል? ወረቀት፣ ከፊል ዲጂታል ወይስ ሙሉ ሲስተም (ለሰሜን ሸዋ)

ጤና ጣቢያ የምትመሩ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የምታስተዳድሩ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ክሊኒክ የከፈታችሁ ከሆነ ይህ ጥያቄ እናንተም ጋ መድረሱ አይቀርም። የታካሚውን ካርድ ወደ ኮምፒውተር እናዙረው ወይስ ትንሽ እንቆይ? ካዞርነውስ በየትኛው ሲስተም?

ሻጩ ላፕቶፑን ከፍቶ ያሳያችኋል። ሁሉም ነገር በሰከንድ ይከፈታል። ግን የሚያሳያችሁ መብራት ባለበት፣ ኔትወርክ በማይቆራረጥበት፣ በር ላይ አንድም ታካሚ በማይጠብቅበት ክፍል ነው። የእናንተ ተቋም እንደዚያ አይደለም።

በእኔ እምነት እዚህ ዞን ውስጥ ምርጫውን ሁለት ነገሮች ይወስኑታል። አንደኛ፣ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው ይቀጥላል ወይ? ሁለተኛ፣ ባለሙያው አንዱን ነገር ስንት ጊዜ ይጽፈዋል? የሶፍትዌሩ ዋጋ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ብዙ ተቋማት ግን ከዋጋው ይጀምራሉ፣ እዚያው ላይም ይጨርሳሉ።

ያላችሁን ለይታችሁ እወቁ

«እኛማ ዲጂታል ሆነናል፣ ዲኤችአይኤስ 2 አለን» የሚል ኃላፊ ብዙ ነው። ዲኤችአይኤስ 2 መነሻው የኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። አገራችን በ2010 ዓ.ም. ገደማ የቀድሞውን የጤና ሪፖርት ሲስተም ትታ ወደ እሱ ገብታለች። ጥሩ ሥራ ይሠራል። የሚይዘው ግን ድምር ነው። ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ስንት እናት ወለደች፣ ስንት ሕፃን ተከተበ የሚለውን ይነግራችኋል። አንዲት እናት ባለፈው ስትመጣ የደም ግፊቷ ስንት እንደነበር ግን አይነግራችሁም።

ዳጉም እንደዚሁ ነው። የመድኃኒት ክምችት ይቆጣጠራል እንጂ ታካሚ አያውቅም። ጤና ኬላ ላይ ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን በታብሌት የሚሠሩበት ኢ-ቺስ የቤተሰብ መረጃ ይይዛል። ኔትወርክ በሌለበት ተሠርቶበት ኋላ ሲገኝ መላክ ይቻላል። ይህ ባሕርይው እጅግ ደስ ይለኛል፣ ኋላ እመለስበታለሁ። ግን እሱም የጤና ጣቢያውን ካርድ አይተካም።

ስለዚህ እዚህ የምናወዳድረው ካርዱን ራሱን ነው። አራት መንገድ አለ። ወረቀቱን አሻሽሎ መቀጠል፤ ካርድ ክፍሉንና ገንዘብ መቀበያውን ብቻ ዲጂታል ማድረግ፤ ሙሉውን ሲስተም ግቢ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ መትከል፤ ወይም ሙሉውን በየወሩ እየከፈሉ በኢንተርኔት መጠቀም፣ ክላውድ የሚባለው።

ወረቀትን አትናቁት፣ ግን ዋጋውን አስሉት

ወረቀት መብራት አይፈልግም። ፓስወርድ አይረሳም። በደንብ የተያዘ ካርድ ክፍል በደንብ ካልተያዘ ኮምፒውተር ይበልጣል፤ ይህን ስል በሙሉ ልቤ ነው።

ችግሩ ወረቀት ነፃ መምሰሉ ነው። የገበያ ቀን ጠዋት የአንድ ጤና ጣቢያ የካርድ መስኮት ጋ ቆማችሁ ተመልከቱ። ስድስት ወር ያለፋት ነፍሰ ጡር ትመጣለች። የካርድ ቁጥሯ ያለበትን ወረቀት ቤት ረስታለች። ሠራተኛዋ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ቀበሌዋን ትጠይቃለች፤ መደርደሪያ ትፈትሻለች፤ ከኋላ ያለው ሰው ይጮኻል። ቢቸግራት አዲስ ካርድ ታወጣለች። አዋላጇ ጋ ስትደርስ ካርዱ ባዶ ነው። የደም ዓይነቷ አልተጻፈም። ኤችአይቪ ተመርምራለች አልተመረመረችም አይታወቅም። ስለዚህ ላብራቶሪ ትላካለች፣ ያው ምርመራ ይደገማል፣ ያው ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ይባክናል። አርኤች ኔጋቲቭ (በእርግዝና ልዩ ክትትል የሚሻ የደም ዓይነት) መሆኗ በመጀመሪያው ካርድ ላይ ተጽፎ ሁለተኛው ላይ ቢቀር ደግሞ ጉዳቱ በብር አይተመንም።

እንግዲህ የወረቀት ወጪ ይሄ ነው። በአንድ ወር ውስጥ «ካርድ ጠፋ» ተብሎ ስንት አዲስ ካርድ እንደወጣ ቁጠሩ። ያንን ቁጥር ሳትይዙ ከማንም ሻጭ ጋር አትነጋገሩ፤ ሲስተሙ መጥቀም አለመጥቀሙን ኋላ የምትለኩት በእሱ ነው።

ሁለት ጊዜ መጻፍ

ከሁሉም የሚከብደው የተሰወረ ወጪ ይህ ነው። ሲስተም ይገባል፣ መዝገቡ ግን አይቀርም። «ለማንኛውም መዝገቡም ይሞላ» ይባላል። ነርሷ መጀመሪያ ካርድ ላይ፣ ቀጥሎ መዝገብ ላይ፣ ቀጥሎ ታሊ (የድምር መቁጠሪያ ቅጽ) ላይ፣ በመጨረሻ ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች።

እስቲ እናስላው። በቀን 50 ታካሚ ብታይና ኮምፒውተሩ ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ ቢጨምር 150 ደቂቃ ይሆናል። ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ያ ጊዜ የሚመጣው ከታካሚው ነው፣ ወይ ደግሞ ዳታው ማታ በጥድፊያ ይሞላል። በጥድፊያ የተሞላ ዳታ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቀዋለን።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሐኪሞች ታካሚ ፊት ለፊት ለሚያሳልፉት እያንዳንዱ ሰዓት ወደ ሁለት የሚጠጋ ሰዓት ኮምፒውተርና የወረቀት ሥራ ላይ እንደሚያጠፉ አሳይቷል። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2005 እ.ኤ.አ. የጤና መረጃ ቴክኖሎጂ በዓመት 81 ቢሊዮን ዶላር ሊያድን ይችላል ብሎ ተንብዮ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ የዚያው ተቋም ተመራማሪዎች የተባለው ጥቅም እንዳልተገኘ ጻፉ። እንግሊዝም በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረችውን ብሔራዊ የሲስተም ፕሮግራም ቢሊዮኖች ካፈሰሰችበት በኋላ በ2011 እ.ኤ.አ. እንዲበተን ወስናለች። ገንዘብም ባለሙያም ሞልቷቸው እንዲህ ከሆኑ እኛ ደግመን ማሰባችን ተገቢ ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ሲስተም ስታወዳድሩ «ይህ ሲገባ የትኛው መዝገብ ይቀራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩና በጽሑፍ ያዙት። አንድም መዝገብ የማይቀር ከሆነ እኔ ብሆን አልገዛም።

መብራት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሲስተም የሚሞተው በዚህ ነው።

ካርድ ክፍል፣ ገንዘብ መቀበያ፣ ተመላላሽ ክፍልና ፋርማሲ አንዳንድ ኮምፒውተር ይኑራቸው። አራት ላፕቶፕ እያንዳንዱ 50 ዋት ቢወስድ 200 ዋት ነው። ለትንሽ ሰርቨርና ለኔትወርክ ዕቃው 50 ጨምሩ፤ 250 ዋት። አንድ ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 2,400 ዋት-ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚህ 1,200 ብቻ ቁጠሩ። ኢንቨርተሩ የሚበላውን ስትቀንሱ ወደ 1,000 ይቀራል። አራት ሰዓት ያሠራል ማለት ነው። ሁለት ባትሪ ካላችሁ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን።

አሁን በላፕቶፑ ፋንታ እያንዳንዱ 150 ዋት የሚወስድ ዴስክቶፕ አድርጉት። 600 ዋት ላይ 50 ተጨምሮ 650። ያው አንድ ባትሪ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ይይዛችኋል። ዴስክቶፕ ረክሶ ሲገኝ ሰው ይሽቀዳደማል፣ ኋላ ግን በባትሪና በጀነሬተር ነዳጅ ይከፍለዋል። ላፕቶፕ ግዙ። ባትሪውንም በየሁለትና ሦስት ዓመቱ እንደሚቀየር አስባችሁ በጀት ያዙለት።

ቦታም ይለያያል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ብርዱ ራሱ ሰርቨሩን ያቀዘቅዘዋል። ታርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ወደ 1,300 ሜትር ትጠጋላችሁ። እዚያ ሰርቨር መስኮት በሌለው የቆርቆሮ ክፍል ማስቀመጥ ዕቃውን ማቃጠል ነው። ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ ማቀዝቀዣ ደግሞ ከኮምፒውተሮቹ ሁሉ በላይ መብራት ይበላል። ቆላ ላይ ያላችሁ ትልቅ ሰርቨር አትግዙ። ማራገቢያ የሌለው ትንሽ ኮምፒውተር አየር በሚያገኝ ክፍል ውስጥ ይበቃችኋል።

ግቢ ውስጥ ወይስ ክላውድ?

በመጽሐፍ የሚነገረው ማወዳደሪያ ቀላል ነው። የራስ ሰርቨር መጀመሪያ ላይ ውድ ነው፣ ክላውድ በየወሩ ያስከፍላል። ለእኛ ግን ያለፉት ጥቂት ዓመታት ሌላ ነገር አስተምረውናል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ሲደርስ በዚያ መስመር ያሉ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። ካርዱም ኮምፒውተሩም አብሮ ሄደ። ቅጂው ሌላ ቦታ ካልተቀመጠ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቨር ከመደርደሪያው አይሻልም። ቀጥሎ በ2015 ማብቂያ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋና ለብዙ ወራት ቆየ። ሁሉን ነገር ክላውድ ላይ አድርጎ በሞባይል ኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ተቋም የራሱን ታካሚ ካርድ መክፈት አይችልም ማለት ነው።

ከሁለቱ የምወስደው ትምህርት ሥራው እዚሁ፣ ቅጂው ሌላ ቦታ መሆን አለበት የሚል ነው። ኢ-ቺስ የሚወደድልኝ ለዚህ ነው፤ ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል። የጤና ጣቢያ ወይም የሆስፒታል ሲስተምም እንደዚያው መሆን አለበት። ኢንተርኔት ሲኖር የተመሰጠረ ቅጂ በየቀኑ ይላክ። ከሌለ በሳምንት አንዴ በሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ከግቢው ውጭ፣ ቢቻል ሌላ ከተማ ይቀመጥ። መሀል ሜዳ ያለው ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃን ያለው አዲስ አበባ ቢያስቀምጥ እላለሁ። ቅጂው በርግጥ እንደሚከፈት በሦስት ወር አንዴ ከፍታችሁ ሞክሩት። ያልተሞከረ ባክአፕ እንደሌለ ይቆጠራል።

ግቢ ውስጥ ለሚተከለው በነፃ ከሚገኙት የታካሚ ካርድ ሶፍትዌሮች መካከል ኦፕንኤምአርኤስ አለ፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው። ባህሚኒ ደግሞ በእሱ ላይ የተሠራ ነው፣ ላብራቶሪውንና ሂሳቡን አብሮ ይይዛል፣ ለሆስፒታል ይመቻል። ነፃ ሶፍትዌር ግን በስጦታ እንደመጣች ጊደር ነው፤ ድርቆሹን የምትገዙት እናንተ ናችሁ። የሚተክለው፣ የሚያስተካክለው፣ ሌሊት ሲበላሽ የሚጠራው ሰው ይከፈለዋል። ዕቃውም ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አልፏል። ዓምና የተሰጣችሁን ፕሮፎርማ ይዛችሁ ዘንድሮ በጀት አትጠይቁ።

ስምና ቀን

ሻጮች ስለ ግራፍ ብዙ ይነግሯችኋል። እናንተ «ኃይሉ» ብላችሁ አስፈልጉት። ኋላ «ሀይሉ» ብላችሁ ድገሙት። «ሐይሉ»ንም ሞክሩ። ሦስቱም አንድ ሰው ካላመጡ ሲስተሙ ለእኛ አልተሠራም። «ገብረ ሥላሴ»፣ «ገብረስላሴ»፣ «ገ/ስላሴ» እንዲሁ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ካርድ የሚደገመው በዚህ ነው፤ ወረቀት ላይ የነበረውን ችግር ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ይሆናል።

ቀኑስ? የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የማያውቅ ሲስተም ላይ አዋላጇ የመጨረሻ የወር አበባ ቀንን በልቧ እየለወጠች ታስገባለች። ጳጉሜን ላይ ምን እንደሚያደርግ አሳዩኝ በሉ። ዕድሜውን በግምት የሚናገር አዛውንት ሲመጣም ያለ ልደት ቀን መመዝገብ መቻል አለበት። የፋይዳ ቁጥር ቢኖር ጥሩ ነው፣ ታካሚን ለመለየት ይረዳል። የሌለውን ሰው የማይመዘግብ ሲስተም ግን አትቀበሉ።

ጥቅሙ ቀድሞ የሚታየው የት ነው?

በእኔ ግምት ቀድሞ የሚታየው ገንዘብ መቀበያው ላይ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ከተጀመረ ወዲህ ብዙው የገጠር ታካሚ በመድህን ነው የሚመጣው። ተቋሙ አገልግሎቱን ይሰጣል፣ ኋላ ዝርዝሩን አቅርቦ ይጠይቃል። ሐኪም ያዘዘው፣ ላብራቶሪ የሠራው፣ ፋርማሲ የሰጠው በአንድ ቁጥር ካልተያያዘ ክፍያው ይቆረጣል ወይም ይዘገያል። ሲስተም ይህን ያያይዛል። ከፊል ዲጂታሉን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። ሐኪሙን ሳይነካ ካርዱን ያገኛል፣ ገንዘቡን ይሰበስባል።

ሙሉው ሲስተም የሚጨምረው ሌላ ጥቅም አለ፤ የመድኃኒት ማዘዣ ይነበባል፣ አለርጂ ያስጠነቅቃል፣ የላብራቶሪ ውጤት በወረቀት አይመላለስም፣ ሪፖርት ራሱ ይደመራል። ጥሩ ነው። የሚገኘው ግን ሁሉም ባለሙያ ሲጠቀም ብቻ ነው። ግማሹ ሐኪም ካስገባ ግማሹ ካላስገባ መረጃው አይታመንም፣ ያልታመነ መረጃ ደግሞ ማንም አይከፍተውም።

ምሥጢር

በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ የሚሻ የግል መረጃ ነው። በአንድ ፓስወርድ አምስት ሰው የሚገባበት ክፍል ካለ ማን ምን እንዳየ አይታወቅም። ትንሽ ከተማ ላይ ይህ ከባድ ነገር ነው። የኤችአይቪ ክትትል ውጤት ጎረቤት የሆነች የካርድ ሠራተኛ የማታየው መሆን አለበት። ሲስተሙ ይህንን በክፍል ለይቶ መከልከል ካልቻለ ሌላው ጥሩ ነገሩ ሁሉ አያካክሰውም።

እንግዲህ የቱን?

አንድ ኤችአይቲ (የጤና መረጃ ቴክኖሎጂ) ባለሙያ ብቻ ያለው፣ መብራት ቶሎ ቶሎ የሚሄድበት የገጠር ጤና ጣቢያ ከሆናችሁ፣ ለምሳሌ መንዝ ወይም ሚዳ ወረሞ ያላችሁ፣ ካርድ ክፍሉንና ገንዘብ መቀበያውን ብቻ አስገቡ። ሁለት ላፕቶፕ፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ ማተሚያ። ለአንድ ዓመት ይሄ በደንብ ከሄደ ፋርማሲውን ጨምሩ። አንድ ባለሙያ ብቻ አታሠልጥኑ፤ ወደ አዲስ አበባ የተዛወረ ቀን ሲስተሙም አብሮት ይሄዳል። ከካርድ ክፍል አንድ ሰው አብራችሁ አስተምሩ።

እሱንም የሚያሠራ ባትሪ መግዛት ካልቻላችሁ ወረቀቱን አሻሽሉ። ካርዱን በቁጥር ደርድሩ፣ የስም ማውጫውን አስተካክሉ፣ ለታካሚው የሚሰጠውን መታወቂያ ጠንካራ ወረቀት ላይ አድርጉት። የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከሆናችሁና ቢያንስ ሁለት የአይቲ ሰው ካላችሁ ሙሉውን ግቢ ውስጥ ባለ ሰርቨር ትከሉ። ግን በአንድ ቀን ሁሉን ክፍል አታስገቡ። ከተመላላሽ ጀምሩ፣ ተኝቶ ሕክምናው ይቆይ። ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ስትጽፉ ሲስተሙ የተሟላ የሪፈር ወረቀት አትሞ ማውጣት መቻሉን ተመልከቱ፤ ተቀባዩ ሆስፒታል ሲስተማችሁን አያይም፣ ወረቀቱን ግን ያያል።

ደብረ ብርሃን ላይ ያለ የግል ክሊኒክ ክላውድ ያዋጣዋል፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ መሥራት የሚችል ከሆነ ብቻ። የወር ክፍያው ሰርቨር ከመግዛት ይቀላል፣ ጠጋኝም አያስፈልገውም። ውሉ ላይ ግን ሁለት ነገር ይጻፍ። ዳታው የክሊኒኩ ነው፤ ውሉ ሲፈርስ ሙሉው በሚከፈት ፋይል ይመለሳል። ይህን ለመፈረም የሚያንገራግር ድርጅት ካለ አመስግናችሁ ሸኙት።

ለማንኛውም ተቋም ደግሞ የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት በገበያ ቀን ሞክሩት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ብሬከሩን አውርዱ። ቀጥሎ የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀሉ። ካርድ ክፍሉ መመዝገቡን ከቀጠለ ክፈሉ።

ሲስተሙ ሥራ የሚጀምርበትን ቀን ከወሩ 21 ላይ አድርጉት፣ የሪፖርት ወሩ ለሁለት እንዳይከፈል። ሰኔ መጨረሻ ላይ የዓመት ሪፖርትና በጀት መዝጊያ ስለሆነ አትንኩት። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ሌሎች ቆላ ቦታዎች ያላችሁ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ሲበዛ አትጀምሩ፤ ከታኅሣሥ 21 በኋላ ይሻላል።